የጋሽ ሜትር ቤት

«እስቲ ብድግ በሉልኝ፣ ልለፍበት!» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ ጎረቤት፣ የሻዩን ፔርሙስ ከራሷ በላይ አንስታ።

በኮሪደሩ ግራ ግድግዳ ተደርድረው የተቀመጡት ለቀስተኞች ጉልበታቸውን ወደ ጎን አዘነበሉ። አልበቃም። ለበሩ የቀረቡት አራቱ ተነስተው ወደ ግቢ ወጡ፣ ሴትዮዋ አለፈች፣ እነሱም ተመልሰው ተቀመጡ። ወዲያው ከኋላዋ አንድ ሽማግሌ ከነከዘራቸው ደረሱ። አራቱ እንደገና ተነሱ።

«ወራጅ አለ?» አለ ከመሀል አንዱ በሹክሹክታ።

ሁለት ሦስት ሰው ሳቁን ሳል አስመስሎ አሳለፈው። እንዴት አይሳቅ! ሟቹ የአሥራ አንድ ክፍል ጌታ ነበር። ለቅሶው ግን ኮሪደር ላይ ነው፣ ያውም ስፋቱ አንድ ሜትር ከሃያ በሆነ ኮሪደር። ልኩን ሚስቲቱ አትስተውም። «አንድ ከሃያ ይበቃል፣ ሰው እኮ በጎኑም ያልፋል» እያለ ሲለካ የሜትሩን ጫፍ ይዛለት የቆመችው እሷ ናት።

አሁን በኮሪደሩ መጨረሻ፣ ከመኝታ ቤቷ በር ሥር ጥቁር ሻሽ አስራ ተቀምጣለች። ትናንት ሲቀበርም ዛሬም አንዲት ጠብታ እንባ ከዓይኗ አልወጣችም። ሰዉ «ድንጋጤ ነው፣ ደንዝዛ ነው» ይላል። ይበል! ድንጋጤ አይደለም፣ ንዴት ነው። እዚህ ደረቷ ላይ ተኮፍሶ እንባውን መውጫ የከለከለው ንዴት ነው።

«ወንድሜ!» አለች የሟች ታላቅ እህት፣ ከጎኗ ተጣብቃ የተቀመጠችው። «ወንድሜ ለቤቱ ኖሮ ለቤቱ ሞተ!»

«እውነት ነው፣ ለቤቱ ነበር» አሉ ሽማግሌው።

ለቤቱ! ሚስቲቱ ጥርሷን ነከሰች። ለየትኛው ቤት? ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ልብና ሳንባው የወጣት። የገደለው መሰላል ነው። እዚሁ ኮሪደር ጣራ ሥር ቆጥ ሊሠራ ወጥቶ ነበር። «ሁለት ተማሪ አጋድሞ ያስተኛል» ብሎ። ሲወድቅ ድምፁን ሰምተው ከየክፍሉ ዘጠኝ ተከራይ ወጣ፣ ከመብዛታቸው የተነሳ ሐኪም ሊጠራ የሚሮጠው ሰው ማለፊያ አጣ። ሜትሩን ከእጁ ፈልቅቀው ነው ያወጡት። ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ሜትር ይለው የነበረው በቀልድ ነው፣ በመጨረሻ ግን ቀልድነቱ ቀረ።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ» ስትል ሰማች አንዷን፣ ከበሩ ወዲያ።

«ዝም በይ አንቺ፣ ትሰማሻለች!»

ሰምታለች። ምን ትበል? ይኸው ተረቱ መሰላል ላይ ወጥቶ ወድቆ ሞተ።

ይህን እያሰበች ሳለ አራቱ ሰዎች እንደገና ተነሱ። የገባችው ልጇ ነበረች። ትናንት ቀብር ላይ መጥታ ነበር፣ ግን ሥርዓቱ እንዳለቀ እናቷን አቅፋ ስማ ወደ ጓደኛዋ ቤት ሄደች። ዛሬ ትከሻዋ ላይ ትንሽ ሻንጣ አንጠልጥላለች። እናትዬው ያየችው ፊቷን አይደለም፣ ሻንጣዋን ነው። ሻንጣ ያለው ሰው ሊያድር ይችላል። ስድስት ዓመት ሙሉ ይቺ ልጅ በዚህ ቤት አላደረችም፣ ከደጃፉም አልደረሰችም። እናትና ልጅ በወር አንዴ እንደ ሌባ የሚገናኙት በጎረቤቷ ዳቦ ቤት ጓሮ፣ በዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ነይ ሚጢዬ» አለች እናት፣ ወንበሯን እየሳበች። የምትስብበት ቦታ ግን አልነበረም። ልጅቱ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን ለእናቷ ጉልበት ሰጠች።

«ታድሪያለሽ?» አለቻት በጆሮዋ።

ልጅቱ ቀና ብላ ኮሪደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችው። በግራ አምስት በር፣ በቀኝ አምስት በር፣ መጨረሻው ላይ የእናቷ።

«የት?» አለች።



እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ሰውዬው እንዲህ አልነበረም። የሚያናድደውም እሱ ነው! ከመጀመሪያውኑ ስግብግብ የሆነን ሰው «ተፈጥሮው ነው» ብለህ ትተወዋለህ። ይኼ ግን ለሰው በር ሲሠራ የተረፈውን ጣውላ ለሰፈር ልጆች መኪና እያደረገ የሚያድል አናጺ ነበር። ይህን ቤት ከመሠረት እስከ ጣራ በእጁ ሠራው። አራት መኝታ ቤትና አንድ ሳሎን። ሳሎኑማ አይወራ! ሚስቲቱ «ለሁለታችን ይኼ ሁሉ ምን ያደርጋል?» ብትለው፣ «ሰው የማይገባበት ቤት ሣጥን ነው፣ እኔ ደግሞ ሣጥን አልሠራም» አላት። የስንቱ ጎረቤት ሠርግ እዚያ ተጨፈረ። እሱ ራሱ ያለ ሙዚቃ ይጨፍር ነበር፣ መላጊያውን እንደያዘ፣ የእንጨት ፍቅፋቂ ከፀጉሩ እየረገፈ። ሚስቲቱ ያገባችው እሱን ነው።

ከዚያ አንድ ክረምት ጣራው አፈሰሰ። ለጥገናው ብለው የኋላውን ክፍል ለአንዲት ነርስ አከራዩ። ጣራው ተጠገነ፣ ነርሷም ጨዋ ነበረች፣ ሁሉም ደስ አለው። እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ ምን ነበረበት! አልቆመም። አንድ እሑድ ሳሎኑ መሀል ቆሞ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ዙሪያውን ሲያይ አገኘችው።

«ምን ጠፋብህ?»

«ምንም። ይኼ ሁሉ አየር ያለ ሥራ ተቀምጧል አልኩ።»

ሳቀችበት። ቀልድ መስሏት። በሳምንቱ ለግድግዳ የሚሆን ቺፑድ ጭኖ መጣ።

ሳሎኑ መጀመሪያ ለሁለት፣ ከዚያ ለሦስት ተከፈለ። መኝታ ቤቶቹ ተጋመሱ። ማድ ቤቱ እንኳ ግማሹ ተወሰደ። ያገኘውን ምን አደረገበት? ልብስ አልለወጠም፣ የትም አልተዝናናም። ቺፑድ ገዛበት። ቺፑዱ ክፍል ሆነ፣ ክፍሉ ደግሞ ቺፑድ ገዛ። የሚታዘዘውን በር መሥራት ተወ፣ «ለሰው በር ስሠራ የራሴ ጊዜ ያልፋል» ብሎ። እንግዳ ሲመጣ ፊቱን ማየት ትቶ የተቀመጠበትን ቦታ ያይ ጀመር። ቀስ በቀስ እንግዳም ቀረ። ለሠርጋቸው ብሎ ከአንድ ግንድ ያወጣው አሥራ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ጠረጴዛ ነበራቸው። አልገባ ሲለው በመጋዝ ለሁለት ቆረጠው። በዓመቱ ግማሹን እንደገና ቆረጠ። በመጨረሻ የቀረችውን ቁራጭ በማጠፊያ ግድግዳ ላይ ሰቀላት፣ ሲበሉ ትዘረጋለች፣ ሲጨርሱ ትታጠፋለች። መጋዙ ሲገባበት ጠረጴዛው እንዴት እንደጮኸ ሚስቲቱ እስከዛሬ ይሰማታል።

እና ደስታ አገኘ? ሞቶ ነው! ግድግዳው ስስ ነው፣ የአንዱን ሳል፣ የአንዱን ስልክ፣ የአንዱን ጠብ ሁሉ እየሰማ እንቅልፍ አጣ። ጠዋት ጠዋት የገዛ ሽንት ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ ሳሙናውን እንደያዘ፣ ከተከራዮቹ ከሹፌሩና ከሁለት ተማሪዎች ኋላ ተሰልፎ ሲቆም ላየው የአሥራ አንድ ክፍል ጌታ አይመስልም ነበር።

ሹፌሩ የገባው ልጅቱ ክፍል ውስጥ ነው። የመጨረሻ ፈተናዋ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሯ ላይ የወንድ ቡትስ ጫማ አገኘች። አልጋዋ ኮሪደር ላይ ቆሟል።

«ለጊዜው ነው ሚጢ» አላት አባቷ፣ ምስማር በከንፈሩ እንደያዘ። «ማንበብ እንደሆን ኮሪደሩም መብራት አለው።»

ልጅቱ አባቷን ትታ እናቷን አየች። እናትዬው በዚያ ሰዓት የአንድ ጣውላ ጫፍ ይዛ ነበር። ሌላኛው ጫፍ እሱ እጅ ላይ ነው። ቀና ብላ የልጇን ዓይን ብታይ ጣውላው ይወድቃል። አላየችም።

አራት ወር ልጅቱ ኮሪደሩ ወለል ላይ ተኛች። አንድ ማለዳ ወደ ሽንት ቤት የሚሮጥ ተከራይ እጇን ረገጠው፣ «ይቅርታ» እንኳ ሳይል አለፈ። ፀሐይ ሳትሞቅ ልብሷን ሰብስባ ወጣች። ዛሬ ማተሚያ ቤት ትሠራለች፣ ሁለት ጣቷ ግን ሲበርድ አይታጠፍላትም።

እንግዲህ ይኼን ሁሉ የምታውቅ ሴት ናት፣ «ለቤቱ ኖሮ ለቤቱ ሞተ» ሲባል በዝምታ የምታዳምጠው።

«ሻይ ቅመሺ» አለቻት ዳቦ ጋጋሪዋ ጎንበስ ብላ። «ደግሞ ፊትሽን ፈታ አድርጊ፣ ሰው ያያል። ሙት ወቃሽ አትሁኚ።»

«ሙት ወቃሽ? በቁሙ መች ወቀስኩት! ያኔ ብወቅሰው ኖሮ ዛሬ አልቃሽ እሆን ነበር።»

ዳቦ ጋጋሪዋ ፔርሙሷን ይዛ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች። ያን ዕለት ልጅቱ አላደረችም። ሻንጣዋን ግን ጥላ ሄደች፣ እናትዬው በር ሥር አስቀምጣት እንደ ሰው ስታያት አመሸች።

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ልጅቱ ተመልሳ መጣች። እናትና ልጅ ጎን ለጎን እንደተቀመጡ አንዲት የማያውቋት ሴት በሩ ላይ ቆመች። ሠላሳዎቹ መጨረሻ ላይ ያለች፣ አንገቷ ላይ የልብስ ሰፊ ሜትር የጠመጠመች ቀጭን ሴት ናት። ከኋላዋ ግቢው ውስጥ በእጅ ጋሪ ላይ የስፌት መኪና፣ ፍራሽና ሁለት ሻንጣ ይታያል።

«ይቅርታ» አለች፣ ሰዉ ለምን እንደተሰበሰበ ግራ ገብቷት። «ጋሽ ሜትርን ነበር። ዛሬ ክፍሉን እንድረከብ ተነጋግረን ነበር።»



«የትኛውን ክፍል?» አለች ሚስቲቱ ከመጨረሻው ወንበር።

«የዳሩን። መስኮቱ ወደ ጓሮ የሆነውን። ‘እኔና ባለቤቴ ወደ ወርክሾፑ እንገባለን፣ ተስማምታለች’ ብለውኝ… እትዬ፣ እርስዎ ነዎት ባለቤታቸው?» ከዚያ ጥቁሩን ሻሽ አየች። እጇ ወደ አፏ ሄደ። «ወይኔ! ወይኔ ጉዴ! አልሰማሁም እኮ!»

ተስማምታለች! የቀረቻቸውን አንዲት ክፍል። የሚተኙባትን። ሳያማክራት፣ እሷን እንደ ዕቃ ወደ ወርክሾፕ ሊያወጣት፣ መጋዝና ሙጫ መሀል! ሳይናገራት ሞቶ አመለጣት። ቢነሳ በገዛ እጇ ትገድለው ነበር።

«የሰጠው ቃል ነው እንግዲህ» አለች የሟች እህት አፍንጫዋን እየጠረገች። «የሞተ ሰው ቃል አይታጠፍም። ክፍሉን አሳዪያት።»

«የነበርኩበትን ለቅቄ ነው የመጣሁት» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ልታለቅስ ደርሳ። «ሌላ ሰው ጠዋት ገብቶበታል። ግን ችግር የለም፣ እኔ እሄዳለሁ፣ የሆነ ቦታ…»

ሚስቲቱ ተነሳች። ለምን እንደተነሳች እሷም አላወቀችም። የመኝታ ቤቱን በር ከፈተች፣ ሴትዮዋ አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ አየች። ይሄኔ ከሚስቲቱ አፍ እንዲህ የሚል ንግግር ወጣ፦

«ጠዋት ፀሐይ ይገባታል። ምስማር ግድግዳ ላይ መምታት ክልክል ነው፣ ቺፑዱ ይሰነጠቃል። ሽንት ቤት በወረፋ ነው። እንግዳ ማሳደር የለም።»

ቃል በቃል የሱ ንግግር። አቆራረጡ፣ በጣት የበሩን ጉበን ኳ ኳ ማድረጉ ሳይቀር የሱ ነው። ተናግራ ስትጨርስ ጣቷ ጉበኑ ላይ እንዳለ አየችው።

ከኋላዋ ልጅቱ ሳቀች። ደስ የማይል ሳቅ። ከዚያ ሻንጣዋን አንስታ፣ አራቱ ሰዎች እስኪነሱላት እንኳ ሳትጠብቅ በጉልበታቸው መሀል እየተሹለከለከች ወጣች።

እናትዬው ባዶ እግሯን ተከተለቻት። ግቢውን አቋርጣ፣ ጋሪውን ዞራ፣ መንገድ ላይ ደረሰችባትና ክንዷን ያዘች። የሚያልፉ ሰዎች ቆመው አዩ። ይዩ!

«አትሂጂ!»

«ልቀቂኝ እማ።»

«አልለቅም። ያኔ ለቅቄሻለሁ፣ አሁን አልለቅም።»

«የት ልተኛ?» ልጅቱ ጮኸች። «ንገሪኝ፣ የት? ሁለት ቀን ሙሉ ስጠብቅሽ ነበር እኮ! አንድ ቦታ አዘጋጅታ ‘እዚህ ተኚ’ ትለኛለች ብዬ። አንቺ ግን ለሌላ ሰው ታከራያለሽ! እሱ ሞቶ አንቺ ትለኪያለሽ!»

እናትዬው አንገቷን ደፋች። ከዚያ ቀና አለች።

«እውነትሽን ነው። ሰው ሁሉ ‘እሱ ነው፣ እሱ ነው’ ይላል፣ እኔም እላለሁ። ብቻውን ግን አንዲት ጣውላ አልቆረጠም ሚጢዬ። ሌላኛውን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ። አንቺ ስታይኝ ጣውላው እንዳይወድቅ ብዬ ዓይንሽን ሸሸሁ። ለቺፑድ ስል ልጄን! እሱንስ ስግብግብነቱ ለወጠው። እኔን ምን ነካኝ? ፈሪ ነኝ። በቃ፣ ፈሪ ነኝ።»

ልጅቱ ክንዷን አላስለቀቀችም። እናትዬውም እጇን እንደያዘች እየጎተተች ወደ ግቢ ተመለሰችና ከኮሪደሩ በር ላይ ቆመች።

«ሁላችሁም ስሙኝ» አለች። «ደግ ነበር አትበሉኝ። ደግ ነበር፣ ቀድሞ። ኋላ ግን አልነበረም። ስግብግብነቱ እሱን ራሱንም በላው፣ እናንተም አይታችኋል፣ እየሳቃችሁ ‘ጋሽ ሜትር’ ያላችሁት እናንተ ናችሁ። እኔም አብሬ ስቄያለሁ። አሁን ከዚህ ጉድጓድ ውጡልኝ! ሰው አይለቀስበትም እዚህ!»

«አበደች» አለች የሟች እህት።

«አላበድኩም። ወንዶቹ፣ ኑ ከኔ ጋር።»

ከግቢው ጥግ ያለውን የሟቹን ወርክሾፕ ከፈተችው። እስከ ጣራው ድረስ ቺፑድና ጣውላ ተከምሯል፣ ልኩ በእርሳስ የተጻፈበት፣ ገና ያልተሠራ የስንት ክፍል ግድግዳ። መጀመሪያ የገባው ያ «ወራጅ አለ?» ያለው ቀልደኛ ነበር። ኮቱን አውልቆ አንድ ቺፑድ በጀርባው አዝሎ ወጣ። ሌሎቹ ተከተሉት። ሹፌሩም ከክፍሉ ወጥቶ ማንንም ሳያይ ተሸክሞ ያወጣ ጀመር። ጣውላውን ግቢው ውስጥ በድንጋይ ላይ አጋደሙት፣ አግዳሚ ወንበር ሆነ። ሽማግሌው የመጀመሪያው ሆነው ተቀመጡና እግራቸውን ዘረጉ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ገና አሁን መዘርጋታቸው ነው።

«እዚህ ግቢ» አለቻት ሚስቲቱ ልብስ ሰፊዋን፣ ባዶውን ወርክሾፕ እያሳየቻት። «የምትሄጂበት እስክታገኚ። ምስማር የፈለግሽበት ምቺ።»

«እትዬ፣ በስንት…?»

«ዛሬ ያንን ቃል ከአፍሽ እንዳታወጪ!»

ሴትዮዋ ደንግጣ ፍራሿን አነሳች። ዳቦ ጋጋሪዋ ከኋላ መጥታ የስፌት መኪናውን በአንድ ወገን ያዘችላትና «ነይ፣ አትፍሪያት፣ ዛሬ ለሁላችንም እንዲህ ናት» አለቻት።

ከሰዓት በኋላ ሰዉ ግቢው ውስጥ ሆኖ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያወራ፣ እናትና ልጅ መኝታ ቤት ገብተው በሩን ገርበብ አደረጉት። ልጅቱ ሻንጣዋን ከትከሻዋ አላወረደችም። አልጋውን አየችው።

«እማ፣ ይኼ ምንድነው?»

«አልጋችን።»

«ትልቅ አልነበረም እንዴ?»

«ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ግድግዳውን ወደዚህ ገፋው፣ ለሹፌሩ ቁም ሣጥን ብሎ። አልጋው አልገባ አለ። ከወርዱ ሁለት ስንዝር ቆረጠው። እኔ በግድግዳው በኩል፣ እሱ በዳሩ በኩል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሌሊት እንኳ ፊቱን አዙሮልኝ አያውቅም። ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ እጁን ወደ ውጭ ዘርግቶ፣ ድርቅ ብሎ ይተኛል። ሁለት ዓመት ጀርባውን ሳይ አደርኩ። ጠልቶኝ ነው አልኩ። ቢችል የኔንም ቦታ ያከራየው ነበር አልኩ።»

ልጅቱ ሻንጣዋን ወለሉ ላይ አወረደችው።

«ዛሬን ብቻ ነው» አለች። «ሌላ ቃል አልገባም።»

«ዛሬን ብቻ። ጋደም በይ፣ ደክሞሻል። አብሬሽ ልጋደም።»

እናትዬው እንደ ልማዷ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። ልጅቱ በዳሩ በኩል ጎኗን አሳረፈች፣ ወዲያው አንድ እግሯ ወደ ወለሉ ተንሸራተተ። ተስተካከለች። እንደገና ተንሸራተተች። አባቷ የሷን ሁለት ያክል ነበር።

«እማ፣ እዚህ ሰው አይተኛም እኮ። አይቻልም። እንዴት ነበር የማይወድቀው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

ልጅቱ እንዳትወድቅ የአልጋውን ጠርዝ ከሥር ያዘች። ከዚያ እጇ ቆመ። ጣቶቿ ከጣውላው ሥር የሆነ ነገር እየዳሰሱ ነበር።

«የተፈለፈለ ነገር አለ» አለች በቀስታ። «በመሮ። ከሥር በኩል። የጣት መያዣ ነው እማ። አራት ጣት። በአሸዋ ወረቀት እንኳ ተለስልሷል።»

እናትዬው ቀና ብላ ተቀመጠች። አንድ አናጺ፣ ሚስቱን ገፍቶ ከግድግዳው ጋር እንዳያጣብቃት፣ ሌሊቱን ሙሉ የአልጋ ጠርዝ ጨብጦ ተንጠልጥሎ ሊያድር፣ ለእጁ መያዣ ፈልፍሎ ሠራ። እና ድርቅ ማለቱ ለዚህ ነበር።

«ግድግዳውን መመለስ እያለ!» ጮኸች፣ አልጋውን በቡጢ እየመታች። «ሁለት ስንዝር ነበር እኮ! ሁለት ስንዝር! ‘ተሳስቻለሁ’ ብሎ ግድግዳውን መመለስ እያለ መያዣ ይሠራል! አንተ ደደብ! አንተ ስግብግብ! ምናለ ብትነግረኝ!»

ግቢ ያለው ወሬ ቀጥ አለ። ከግድግዳው ወዲያ አንድ ሰው ሳለ።

«ተነሺ» አለቻት ልጇን። «ወደ ውስጥ ግቢ፣ ቦታ እንቀያየር።»

ልጅቱ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። እናትዬው በዳሩ በኩል በጎኗ ተጋደመችና እጇን ወደ ሥር ሰደደች። አራት ጣቷን አስገባች። መያዣው ሰፋባት። አሁን ፊቷ ርሷል፣ እየረገመችው ነው፣ ግን እጇን አላወጣችም። አጥብቃ ያዘች።